ሸራው እኛ ጋ፣ ብረቱ እነሱ ጋ

እናቴ የእንቅርት ኦፕሬሽን ቀጠሮዋን ለሦስተኛ ጊዜ ያሰረዘች ዕለት፣ ከሆስፒታሉ በር እስከ ባጃጅ ተራው ድረስ አንድ ቃል አልተነፈስኩም። አፌን ብከፍት እንደምጮህ አውቀዋለሁ። ሰው እናቱ ላይ መንገድ ላይ አይጮህም፤ ሐዋሳ ውስጥ ደግሞ ጨርሶ አይሞከርም፣ ወይ ተማሪዬ ወይ የተማሪዬ እናት ትሰማኛለች። አሥራ አምስት ዓመት ባዮሎጂ አስተምሬአለሁ። ክፍል ፊት ቆሜ ስለ እንቅርት ብዙ ተናግሬአለሁ። የገዛ እናቴን ግን አልጋ ላይ ማስተኛት አቃተኝ።

ዶክተሩ ወጣት ቢሆንም ታጋሽ ነው። እብጠቱ ወደ ውስጥ እየገባ የአየር ቧንቧዋን እየተጫነው መሆኑን ፊልሙን ወደ መስኮቱ አንሥቶ አሳያት። አንድ ነገር ግን አልደበቃትም፤ ከእንቅርቱ ጀርባ የምታልፍ ቀጭን ነርቭ አለች፣ እሷ ከተነካች ድምፅዎ ሊጎዳ ይችላል፣ አብዛኛውን ጊዜ አይደርስም፣ ግን ይደርሳል አላት። እናቴ ነጠላዋን አስተካክላ ሰማችው።

“እንግዲያው ከመግባቴ በፊት የምናገረው አለኝ” አለች።

ይናገሩ አላት። እሷ ግን እዚህ አይደለም አለችው። ቤቷ፣ በድሮው ድንኳን ሥር፣ ባሏና ወንድሟ ጎን ለጎን ተቀምጠው ነው የምትናገረው። ያ እስኪሆን ድረስ ኦፕሬሽን የሚባል ነገር የለም። ዶክተሩ እኔን አየኝ። እኔ ግድግዳውን አየሁ።

ለእሱ ምኑን ከምን አድርጌ ልንገረው? አባቴና አጎቴ፣ ማለትም የእናቴ ታላቅ ወንድም፣ ሃያ ሁለት ዓመት አልተነጋገሩም። በመሬት ቢሆን ሰው ይረዳኛል። በውርስ ቢሆን፣ በሚስት ቢሆን፣ ሌላው ቢቀር በፖለቲካ ቢሆን ሰው ከንፈሩን መጥጦ ያልፋል። እነሱ የተጣሉት በአንድ የሥራ ማቆም አድማ ነው፤ አድማው የተመታበት ፋብሪካ እንኳን ዛሬ የለም። ማሽኖቹ ተነቅለው ተሸጠዋል፣ ግቢው የቢራ ሣጥን ማከማቻ ሆኗል። ሳይዘጋ የቀረው ጥሉ ብቻ ነው፤ እሱ እስከዛሬ በሦስት ፈረቃ ይሠራል።

ነገርን ከሥሩ ይባላልና ከሥሩ ልጀምር። ፋብሪካው የእህልና የሲሚንቶ ከረጢት ያመርት ነበር። አባቴ ሽመና ክፍል ፎርማን፣ አጎቴ ጥገና ክፍል ኤሌክትሪሻን፣ እናቴ ደግሞ ስፌት ክፍል ነበሩ። አባቴን ከእናቴ ጋር ያስተዋወቀው አጎቴ ነው። አባቴ ከወላይታ ሲመጣ በከተማው የሚያውቀው ሰው አልነበረውም፤ የመጀመሪያ ጓደኛው አጎቴ ሆነ። አንድ ክፍል ተከራይተው አብረው ኖረዋል፣ አንድ ካፖርት በፈረቃ ለብሰዋል፤ የሌሊት ተረኛ የሆነው ይወስደዋል። እናቴና አጎቴ በሲዳምኛ ሲጫወቱ ከጨዋታው እንዳይቀር ብሎ ቋንቋውን የተማረው ከአጎቴ ነው። በኋላ አባቴ የሠራተኛ ማኅበሩ ሊቀመንበር፣ አጎቴ ጸሐፊው ሆኑ። እኔ ልጅ ሆኜ ማኅበር ማለት እነዚህ ሁለቱ ማለት ይመስለኝ ነበር።

አድማው አሥራ አንድ ቀን ቆየ። ጥያቄው ሁለት ነበር፤ ለሌሊት ፈረቃ ሰርቪስ፣ ለኮንትራት ሠራተኞች የቋሚነት ደብዳቤ። በሦስተኛው ቀን አስተዳደሩ የአሥራ አራት ሰዎች ስንብት ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ለጠፈ፤ የአጎቴም ስም አለበት። በአሥራ አንደኛው ቀን ሌላ ወረቀት መጣ። ሰርቪሱም ቋሚነቱም ተፈቅዷል፣ የአሥራ አራቱ ጉዳይ ግን ወደፊት ይታያል ይላል። ስብሰባ ተጠራ፣ እጅ ወጣ፣ አዳራሹ ለሁለት ተከፈለ። አባቴ ፈረመ። ወደፊት የተባለው ቀን እስከዛሬ አልመጣም፣ አጎቴም ወደ ፋብሪካው አልተመለሰም።

አባቴ አንድ ዓረፍተ ነገር አለው፤ የአራት መቶ ቤት ምድጃ እንዳይጠፋ ፈረምኩ ይላል። አጎቴም አንድ አለው፤ ወረቀቱን በአሥራ አራት ሰው ጀርባ ላይ አስደግፎ ፈረመ ይላል። ሁለቱንም እንደ ማባዣ ሰንጠረዥ በቃሌ ይዣቸዋለሁ። የሚያበግነኝ ሁለቱም እውነት መሆናቸው ነው። አንዳቸው ውሸታም ቢሆኑ ኖሮ እኛ ቤት ድሮ ሰላም ይወርድ ነበር፤ ውሸታምን ይዞ ይቅርታ ማስባል ቀላል ነው።

ማኅበሩ ሲሰነጠቅ እድሩም አብሮ ተሰነጠቀ። የፋብሪካው ሠራተኞች እድር ነበረን፤ ለቅሶ ሲኖር ድንኳን ይተክላል፣ ሰርግ ሲኖር አግዳሚ ያውሳል። የተባረሩትና ወዳጆቻቸው የራሳቸውን እድር አቋቋሙና ንብረት እንካፈል አሉ። ድስቱ ተከፈለ፣ አግዳሚው ተከፈለ፣ ሰሃኑ ተከፈለ። ድንኳኑ ጋ ሲደርሱ ቆሙ። ዕጣ ይውጣ ቢባል ሁለቱም ወገን እምቢ፣ ይሸጥ ቢባል ሁለቱም እምቢ። በመጨረሻ፣ ይህን የምጽፈው እያፈርኩ ነው፣ አንዱ ወገን ሸራውን፣ ሌላው ወገን ብረቱን ይዞ ሄደ። ብረት የሌለው ሸራ ምንጣፍ ነው፤ ሸራ የሌለው ብረት ደግሞ የዶሮ ቤት እንኳን አይሆንም። ሁለቱም ሌላው ወገን ተለማምጦ ይመጣል ብለው ጠበቁ። ማንም አልመጣም። እልህ ምላጭ ያስውጣል ይባላል፤ እነዚህን ድንኳን ነው ያስዋጣቸው። እያንዳንዳቸው ቆይተው ሙሉ ድንኳን ገዙ። የድሮው ሸራ ባህል አዳራሽ ሰፈር ባለው ቤታችን ዕቃ ቤት ውስጥ፣ የድሮው ብረት በአጎቴ ሱቅ ጓሮ ቀረ። ብረቱን ቆርጠው የበየዱት አባቴና አጎቴ ነበሩ። ሸራውን የሰፉት የስፌት ክፍል ሴቶች ናቸው፣ እናቴም አለችበት። እሱን በክፍፍሉ ጊዜ ያነሣው ሰው አልነበረም፤ እኔም አስቤው አላውቅም።

በዚህ መሃል የኖርኩት እኔ ነኝ። ሁለቱ ወንድሞቼ ሥራ አገኘን ብለው ከከተማው ወጡ፣ ተገላገሉ። ቤተ ክርስቲያናችን እሑድ ሁለት ፕሮግራም አለው፤ አባቴ የመጀመሪያውን፣ አጎቴ ሁለተኛውን ይካፈላሉ። በመሃል ባለችው ግማሽ ሰዓት በር ላይ እንዳይገናኙ አባቴ የመጨረሻው መዝሙር ሳያልቅ ይወጣል። እሱ ሲወጣ ሰው ሁሉ ፊኛ የሚያስቸግረው ይመስለዋል። አጎቴ መኖሪያው ሐይቁ ዳር፣ ቡሹሎ ነው፤ ከሐይቁ ዓሣ ገዝቶ ለእህቱ ይልካል፣ ለእህቴ ብቻ ነው ብሎ አፉን ሞልቶ ይናገራል። አባቴ ዓሣው ምን አጠፋ ብሎ ይበላል። አጥንቱን ሲግጥ ሳየው የሁለቱንም ጆሮ ብጠመዝዝ ደስ ይለኛል።

አያቴ፣ የእናቴ እናት፣ ስትሞት አንድ ግቢ ውስጥ ሁለት ድንኳን ተተከለ። አንዱ የልጇ እድር፣ ሌላው የአማቿ እድር። ሊያስተዛዝን የመጣ ሰው በር ላይ ቆሞ የት ልግባ እያለ ይጠይቃል። እኔ በሁለቱ ድንኳኖች ገመድ መሃል እየተደናቀፍኩ ውሃ አዳርሳለሁ፣ አንዱ ጋ ሁለት ጊዜ ከገባሁ ሌላኛው ጋ ይቆጠርብኛል። በሰርጌ ቀን ደግሞ አጎቴ አልመጣም አለ። መብራት ጠፋ። ጄኔሬተሩ አልነሣ ሲል አንድ ሰው ጠራው፣ እሱም እንደ ሠራተኛ መጣ፤ ቱታውን ለብሶ፣ ከድንኳኑ ኋላ ተንበርክኮ አስነሣውና እዚያው ጄኔሬተሩ አጠገብ እስከ መጨረሻው ተቀመጠ። የሰርጌ ፎቶ ውስጥ አጎቴ የለም። ብርሃኑ ግን የእሱ ነው። ያን ቀን በጣም አለቀስኩ፤ ሰው ሙሽራ ስለሆንኩ መስሎት እልል አለ።

ሽማግሌ አልተላከም እንዳትሉኝ። የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎች ሦስት ጊዜ ሞክረዋል። በመጨረሻው ጊዜ ቤት ለቤት መሄዱ ቀርቶ ፒያሳ አንድ ሆቴል ግቢ ውስጥ እንገናኝ ተባለ። ሁለቱም እሺ አሉ። አባቴን በባጃጅ ይዤ ሄድኩ። ከሆቴሉ ትንሽ ራቅ ብሎ አቁም አለው። ምነው ስል፣ እሱ ይግባና እገባለሁ አለኝ። ከመንገዱ ወዲያ ጫፍ ሌላ ባጃጅ ቆሟል፤ አጎቴ ውስጡ ነው፣ እሱም ያንኑ እየጠበቀ። ሁለት ባጃጅ፣ አንድ መንገድ፣ አንድ ሰዓት ተኩል። ሽማግሌዎቹ ማኪያቶ ጠጡ፣ ደገሙ፣ ከዚያ ጸልየው ተበተኑ። ካፈርኩ አይመልሰኝ ማለት ይኸው ነው።

እንግዲህ እናቴ ኦፕሬሽኗን ያንጠለጠለችው በእነዚህ ሰዎች ላይ ነው። ከሆስፒታሉ ስንመለስ ባጃጁ ውስጥ ትንፋሽዋ ያፏጫል። ለምን አሁን፣ ለምን በዚህ አልኳት። ለእኔ ድንኳን መተከሉ ካልቀረ ቁጭ ብዬ ልየው፣ ሞቼ ተጋድሜማ አላየውም አለችኝ። ይህ ደግሞ ሌላ አድማ ነው ስላት ፈገግ አለች። በቤታችን አድማ መምታት የቀራት እሷ ብቻ ነበረች።

መጀመሪያ አባቴ ጋ ሄድኩ። ሸራውን አውጣ አልኩት። አባቴ ሰባ ዓመት አልፎታል፣ ግን ስለ ማኅበር ሲነሣ ጀርባው ይቀናል። ሸራው የእድሩ ንብረት ነው፣ ያለ ኮሚቴ ውሳኔ አይወጣም አለኝ። ከዚያ ኮሚቴ በሕይወት ያለኸው አንተ ብቻ ነህ አልኩት። ትንሽ አሰበና፣ እንግዲያው ምልዓተ ጉባኤ የለም አለ። እየቀለደ አልነበረም። ከወንበሩ ተነሥቼ ወጣሁ፤ ካልወጣሁ የምለውን አላውቅም ነበር።

አጎቴ ጋ ሄድኩ። ከፒያሳ ወደ ውስጥ በሚያስገባው መንገድ የተቃጠለ የውሃ ፓምፕ ሞተር የሚጠቀልልባት ጠባብ ሱቅ አለችው። የመዳብ ሽቦ እየጠቀለለ ሰማኝ። ብረቱን እሰጣለሁ፣ ግን ከእነሱ እድር ለእኛ እድር ማኅተም ያለበት ደብዳቤ ይጻፍ አለ። ሃያ ሁለት ዓመት የያዝኩት ትዕግሥት እዚያ አለቀ።

“ጋሼ፣ እናቴ ተጋድማ መተኛት አትችልም” አልኩት። “ተቀምጣ ነው የምታድረው። ለማን ነው ደብዳቤ የምጽፈው?”

ሽቦውን አስቀመጠ። እስከዚህ ነው ወይ ብሎ ጠየቀኝ። ለእሱ ጉንፋን ነው ብላው ኖሯል። እጁን በጨርቅ ጠረገ፣ ደግሞ ጠረገ። ቅዳሜ ጠዋት ብረቱን ይዤ እመጣለሁ፣ ግን ግቢ አልገባም አለ። ቤት ስደርስ አባቴ የዕቃ ቤቱን በር ከፍቶ ሸራውን እየጎተተ አገኘሁት። ምልዓተ ጉባኤው ምን ሆነ አላልኩትም። የእናቴን ትንፋሽ ማታ ማታ የሚሰማው እሱ ነው።

ቅዳሜ ጠዋት የጸሎት ፕሮግራም ነው ብለን ጎረቤትና የቤተ ክርስቲያን ሰው ጠራን። ሸራው ከፍ ተደርጎ ሲዘረጋ አይጥ የበላው ሁለት ቀዳዳ ሰማይ ያሳያል። አጎቴ ብረቱን በጭነት ባጃጅ አምጥቶ እንዳለው በር ላይ ቆመ፣ ሾፌሩና ጎረቤቶች አወረዱት። አባቴ በረንዳ ላይ በርጩማ ላይ ተቀመጠ። ከሁለቱም እድሮች ለእርዳታ የመጡት ወጣቶች መትከል ጀመሩ። አላወቁበትም። የዛሬ ድንኳን ሌላ ነው፤ ያ የድሮው እያንዳንዱ ብረት ቁጥር ነበረው፣ ቁጥሩን አጎቴ በቀይ ቀለም ጽፎት ነበር፣ ዝገት በልቶታል። አንዱን ይሰካሉ፣ ሌላው ይወድቃል። ሰዓቱ ሄደ። ሰው ግቢው ውስጥ ቆሞ ያያል፤ እናቴ በመስኮት ታያለች። አባቴ ሊነሣ ብድግ ይልና ይቀመጣል። አጎቴ አንድ እግሩን ከበሩ ወዲህ አግብቶ መልሶ ያወጣል። ገመድ ይዤ ቆሜ በሁለቱም ላይ ደሜ ፈላ።

ድንኳኑ ግማሽ ደርሶ ወደ ማዕድ ቤቱ ማዘንበል ጀመረ። አባቴ ለማንም ሳይሆን፣ “ያ የመሃል ነው” አለ።

ከበሩ ድምፅ መጣ። “የመሃል አይደለም፣ የጫፍ ነው።”

“የመሃል ነው። እኔ ነኝ የበየድኩት።”

“አንተ የበየድከውማ ያኔውኑ ተሰብሯል። ይኼ የእኔ ነው።”

ሃያ ሁለት ዓመት ያልተነጋገሩ ሰዎች ሲታረቁ የመጀመሪያ ቃላቸው ምን ይሆን እያልኩ ስንት ጊዜ አስቤአለሁ። ስለ ብየዳ ይሆናል ብዬ አላሰብኩም። አባቴ ተነሥቶ መጣ፣ አጎቴም ገባ። ብረቱን ሁለቱም በሁለት ጫፍ ያዙት። እየተጨቃጨቁ፣ ወጣቶቹን ዞር በሉ እያሉ፣ በሰላሳ ደቂቃ ድንኳኑን አቆሙት። የመሃል ይሁን የጫፍ እስከዛሬ አልተስማሙም። ድንኳኑ ግን ቆመ።

እናቴ ወጣች። ሁለቱን በአንድ አግዳሚ አስቀመጠቻቸውና ፊት ለፊታቸው ወንበር ስባ ተቀመጠች። የቤተ ክርስቲያናችን መጋቢ ሊጸልይ ሲነሣ ትንሽ ይታገሡኝ አለችው። ድምፅዋ ሻካራ ነው፣ በየመሃሉ ትንፋሽ ለመሳብ ታቆማለች። ወደ ላይ ሸራውን አየች።

“ይኼን ሸራ የሰፋነው እኛ ነን” አለች። “ከሥራ በኋላ፣ ሁለት ሳምንት። ስትካፈሉት ማን ጠየቀን?”

ሁለቱም ቀና ብለው ሸራውን አዩ።

“እሺ፣ ሸራው ይቅር። ስፌት ክፍል አርባ ሴት ነበርን። በአሥራ አንደኛው ቀን ስብሰባው ሲጠራ በር ላይ ደርሰናል። ቦታ ጠቧል፣ ባሎቻችሁና ወንድሞቻችሁ ይነግሯችኋል ተባልን።” ወደ ወንድሟ ዞረች። “በሩን የዘጋኸው አንተ ነህ።” ከዚያ ወደ አባቴ። “ዝጋው ያልከው አንተ ነህ። በዚያ ቀን ሁለታችሁ የተስማማችሁበት ነገር እሱ ብቻ ነው።”

አባቴ ኮፍያውን አውልቆ ጉልበቱ ላይ አደረገ። አጎቴ መሬት መሬት ያያል። ድምፁን ዝቅ አድርጎ የጠየቃትን ጥያቄ ሁላችንም ሰማን።

“ምን ልትሉ ነበር?”

“ሌላው ሁሉ ይግባ፣ ስፌት ክፍል አይገባም ልንል ነበር። የገባው ደመወዙን ይዞ ቤቱን ይያዝ፣ አሥራ አራቱ እስኪመለሱ እኛ ውጭ እንቆያለን። ተነጋግረን ጨርሰን ነበር የመጣነው። ያልተሰፋ ከረጢት ማን ይገዛል? አስተዳደሩ ሳምንት አይችልም ነበር።”

አባቴ ለምን ያኔ አልነገርሽኝም አላት።

“ፈርመህ ነው የመጣኸው። ከዚያ በኋላማ ሁለታችሁም ስለ ራሳችሁ ተናግራችሁ አልጨረሳችሁም። ተራዬን እየጠበቅኩ ነበር።”

የአራት መቶውም ምድጃ አይጠፋም፣ የአሥራ አራቱም ጀርባ አይጎብጥም ነበር። አንድ በር ቢከፈት፣ አርባ ሴት ቢገባ፣ ይህ ሁሉ አይኖርም ነበር፤ ሁለቱ ድንኳን፣ ሁለቱ ባጃጅ፣ ጄኔሬተሩ አጠገብ የተቀመጠው አጎቴ። ልጮህባቸው ነበር የፈለግኩት። ለሃያ ሁለት ዓመት ሲጠራቀም የኖረ ጩኸት ነበረኝ። ከአፌ ግን አልወጣም፤ ምክንያቱም የአባቴን ዓረፍተ ነገር በቃሌ አውቃለሁ፣ የአጎቴንም አውቃለሁ፣ የእናቴን ግን በሰላሳ ስምንት ዓመቴ ያን ቀን ገና መስማቴ ነበር። ከስንቱ ጋር ስዳረቅ ስኖር እሷን አንድ ቀን እንኳን አንቺስ ምን ትያለሽ ብዬ አልጠየቅኳትም። እሷ ለእኔ የተጎዳችው ሴትዮ ነበረች። ሠራተኛ መሆኗን ረስቼዋለሁ።

አጎቴ ተነሣ። የሚሄድ መስሎኝ ነበር። እህቱ ፊት ሄዶ ጎንበስ አለና በሲዳምኛ አንድ ነገር አላት። እሷም መለሰችለት። አባቴ ሰምቶ ፊቱን በኮፍያው ሸፈነ። እኔ ቋንቋውን የማውቀው በከፊል ስለሆነ ምን እንዳሉ አልያዝኩም፤ በኋላም አልጠየቅኩም፣ የእነሱ ነው። መጋቢው ከዚያ ጸለየ። ሰኞ ሆስፒታል ሄዳ ቀጠሮ አስያዘች።

ታረቁ ብዬ ብጽፍ ደስ ባለኝ። እነዚህ ሰዎች እንደዚያ አይታረቁም። በኦፕሬሽኑ ቀን ሁለቱም ከጠዋት ጀምሮ አንድ አግዳሚ ላይ ተቀምጠው ጠበቁ፣ እኔ ጥፍሬን እየበላሁ እነሱ አዲስ ጥል ጀመሩ። የስፌት ክፍል ሐሳብ ይሠራ ነበር ወይስ አይሠራም? አጎቴ መጋዘን ውስጥ የተሰፋ ከረጢት የሦስት ቀን ብቻ ነበር ይላል። አባቴ የአሥር ቀን ነበር ይላል። አጎቴ አንተ መጋዘን ገብተህ ታውቃለህ ይለዋል። ነርሷ መጥታ አባቶች ድምፃችሁን ቀንሱ አለቻቸው፣ ቀነሱ፣ ደግሞ ጨመሩ። ሁለተኛ ስትመጣ ወደ ግቢው አስወጣቻቸው፤ በመስኮት ሳያቸው ዛፍ ሥር ቆመው እጃቸውን እያወናጨፉ ነበር። ዶክተሩ ወጥቶ በደህና አልቋል፣ ስለ ድምፅዋ ግን ስትነቃ ነው የምናውቀው ሲለኝ ልጠራቸው ወጣሁ። አልሰሙኝም። ሁለት ጊዜ ተጣራሁ።

በማግስቱ ጠዋት አንገቷ በፋሻ ተጠቅልሎ፣ ትራስ ተደግፋ አገኘናት። እስከዚያች ሰዓት ቃል አልተናገረችም። አባቴ በግራ፣ አጎቴ በቀኝ ተቀመጡ። ከዚያ አባቴ ትናንት ያላለቀች ነገር ትዝ አለችው፣ የመጋዘኑ ሹም ማን ነበር አለ። አጎቴ መለሰ። አይደለም አለው። በእናቴ ደረት ላይ ወዲያና ወዲህ ቃል ይመላለሱ ጀመር። በሩን ከፍቼ ሁለቱንም ላስወጣ ስነሣ፣ እናቴ ከብርድ ልብሱ ውስጥ ቀኝ እጇን አወጣች። ቀጥ አድርጋ፣ ስብሰባ ላይ እንደሚወጣው።

አባቴ ጭቅጭቁን ትቶ ከወንበሩ ብድግ አለ፣ ለምን እንደቆመ ራሱም ያወቀ አይመስለኝም። ጉሮሮውን ጠረገ።

“እጅ ያወጡት እህት” አለ። “ዕድሉ ተሰጥቶዎታል።”

እናቴ ከንፈሯን አራሰች። ድምፅዋ ቀጭን ሆኖ፣ ግን ራሱ የእሷ ድምፅ ሆኖ ወጣ።

“ውሃ” አለች።

ሁለቱም በአንድ ጊዜ ለውሃው ተነሡ። በሩ ጠባብ ነው፣ ደፉ ላይ ተገናኙ። አንተ ቅደም፣ የለም አንተ ቅደም እያሉ እዚያው ቆሙ። እናቴ እኔን አየችኝ። ተነሥቼ በመሃላቸው አልፌ ውሃውን አመጣሁ።